ዋልካ፦ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ማን ይኖራል?

ከጉርድ ሾላ ወደ ገርጂና ቦሌ ዝቅ በሚለው ሜዳ ላይ ቤት የሠራ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይተረትራል። ስለዚህ መሠረት ሲጣል ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ይወጣና ገረጋንቲ ይሞላል። አትክልት ወዳዱ ጎረቤት ደግሞ ያንኑ አፈር ለጓሮው ይለምናል፤ ጥቁር አፈር ለም ነው ሲባል ኖሯልና።

ጥቁረቱ ግን የብስባሽ ብዛት ማስረጃ አይደለም። ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ሲያያዝ አፈሩን በሙሉ ያጠቁረዋል። አፈሩ ብስባሹን ምን ያህል እንደሚያቆይ በዋናነት የሚወስነው የቅንጣቶቹ መጠን ነው። የአሸዋ ቅንጣት ከ0.05 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሸክላ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ደለል መካከላቸው ነው። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ጠቅላላ ገጹ ይሰፋል። የዋልካ ዋነኛ ሸክላ የሆነው ስሜክታይት አንድ ግራሙ እስከ 800 ካሬ ሜትር ገጽ ሊኖረው ይችላል። የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ እዚህ ገጽ ላይ ይለጠፋል፣ ባክቴሪያ እንኳ በማያልፍባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ይሸሸጋል። አሸዋማ አፈር ይህ መሸሸጊያ የለውም፤ አየር እንደ ልብ ስለሚገባ ደቂቅ ሕዋሳቱ የተጨመረውን ፍግ ቶሎ በልተው ይጨርሱታል።

ማከማቸት ብቻውን ግን ሰብል አያበቅልም። ውሃ በዋልካ ላይ ሲተኛ አየሩ ይወጣል። ያለ አየር መኖር የሚችሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ ለውጠው ያባክኑታል፣ ቡቃያውም ቢጫ ይሆናል። ብዙ ገበሬዎች ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ለዚህ ነው። የሰሜን ሸዋዎቹ የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ቤተሰቡን አሰልፈው ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል። ጉርድ ሾላ ግቢው ያለው የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩትም ከዚህ ብልሃት ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው ቀዳሚው ማዕከል በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠራ፤ ባለሙያዎች ቢቢኤም ይሉታል።

በሸዋ ደጋ ሌላ፣ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል መፍትሔም ነበር፦ አፈሩን ከምሮ ማቃጠል። እሳቱ ሸክላውን ጠብሶ አሸዋ የሚያህል ፍርፋሪ ያደርገዋል፣ ውሃው ያልፋል፣ ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ የመጀመሪያው ገብስ ያምራል። ነገር ግን ብስባሹ ይነዳል፣ ደቂቅ ሕዋሳቱም ያልቃሉ። መሬቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጦም ያድራል። የቅንጣት መጠን፣ ብስባሽና ሕይወት እንደማይነጣጠሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

እንጦጦ ላይ አፈሩ ቀይ ነው። እሱም ሸክላ ይበዛዋል፤ ሆኖም ብረት ያዘለ ስለሆነ ይፈረፈራል፣ ውሃም ያሳልፋል። የጎደለው ምግብ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በተተከለው ባሕር ዛፍ ሥር የሚረግፈውን ቅጠል፣ ሌላ ገቢ የሌላቸው ሴቶች ጠርገው ለማገዶ ይሸከሙታል፤ ሻጋታውንና የምድር ትሉን ሊመግብ የሚችለው ምጣድ ሥር ይነዳል። በየገጠሩ ኩበት የሚሆነው እበትም ያው ነው። ጥፋቱ የሴቶቹ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ ሳይቀርብላቸው ቅጠሉን ተዉት ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጓሮዎ ዋልካ ከሆነ ጥቂት አሸዋ መጨመር አይረዳውም። ከፍ ያለ መደብ ይሥሩለት፣ የወጥ ቤት ልጣጭና የረገፈ ቅጠል አብስብሰው በየዓመቱ ይጨምሩበት፣ ርጥብ ሳለ አይርገጡት።