ብርድ ነው የተባለው ከንፈር

ደብረ ብርሃን ላይ የልጅ ከንፈር ሲጠቁር መጀመሪያ የሚወቀሰው ብርዱ ነው። ጋቢ ይደረብለታል፣ እሳት ዳር ይቀመጣል። ብርድ ብቻ ከሆነ ሲሞቀው ይለቀዋል። የልብ ጉድለት ይዞ የተወለደው ግን እሳት ዳርም እንደጠቆረ ነው፤ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ በድንገት ቁጢጥ ይላል። እግሩ ሲታጠፍ ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ነው የሚቀለው፤ ይህን ማንም አላስተማረውም።

ጥገና ለማይበቃው ልብ የመጨረሻው አማራጭ የልብ ንቅለ ተከላ ነው፤ የተጀመረው ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. ኬፕታውን ውስጥ በክርስቲያን ባርናርድ እጅ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ ከነልብ ጉድለቱ ለተወለደ ጨቅላ ተሞከረ፤ ሕፃኑ የቆየው ሰዓታት ብቻ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ሰውነት እንግዳውን ልብ እንዳይገፋ ማድረግ ሲችል ሕክምናው ተስፋፋ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች ልባቸው በልጅነት የተጠገነላቸው ሰዎች ጎልምሰው፣ የተጠገነው ልብ ሲደክም ወደ ንቅለ ተከላ ይመጣሉ። የቀድሞው ጠባሳ ስለሚደማ የመጀመሪያዎቹ ወራት ለእነሱ ከሌላው ታካሚ ይከብዳሉ፤ ያን ያለፉት ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

የእኛ ጎልማሳ ታሪክ ሌላ ነው፤ የእሱ ልብ ጭራሽ አልተጠገነም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃውን ሲመሠርቱ አገር ውስጥ መታከሚያ ስላልነበረ ልጆቹ ባሕር ማዶ ይላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ዓመታት ከውጭ በሚመጡ ሐኪሞች ከተደገፈ በኋላ የራሳችን ልጆች ቀዶ ሕክምናውን ያዙት፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀመረ። ኩላሊት ግን በሕይወት ያለ ወንድም ይሰጣል፤ ልብ የሚገኘው ከሟች ብቻ ነው። እዚህ አገር የልብ ንቅለ ተከላ የለም።

በልብ ላይ ያለ ሰፊ ቀዳዳ ሳይዘጋ ዓመታት ሲያልፉ ትርፉ ደም ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ የሳንባው ሥሮች ይደድራሉ። ያኔ ቀዳዳውን መዝጋት ራሱ ይገድላል፤ ልብ ብቻ ሳይሆን ሳንባም መቀየር ይኖርበታል። ተራ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው «አልፎበታል» የሚባለው ለዚህ ነው። በጣም ያንገበግበኛል።

ከንፈሩ የሚጠቁረው ልጅ ሳይዘገይ እንዲታወቅ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ሕፃን በሚወለድበት ሁሉ፣ በማግስቱ እግሩ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይደረግለት። ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ደጋ ላይ የጤነኛው ሕፃን ቁጥርም ዝቅ ስለሚል፣ የቆላውን መመዘኛ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ለከፍታው የተስተካከለ ይሁን።