ባለ ሸራ መኪና በትንሽ ገንዘብ

ጣሪያው የሚነሳ መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በፊልም ያየው ቀይ ስፖርት መኪና ነው። እሱን ዛሬ ከውጭ ማስገባት የማይታሰብ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ከለከለ። ነፋስ እየመታው መንዳት ያማረው ሰው መኪናውን የሚያገኘው እዚሁ ካሉት አሮጌዎች መሀል ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ጣሪያውን ማስቆረጥ ነው። ይቅርብዎ። የቮልስ ጣሪያ ክዳን ብቻ ሳይሆን አካሉን አስሮ የያዘ ክፍል ነው። የጀርመኑ ካርማን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ጣሪያው የሚታጠፍ ቮልስ ሲሠራ ጎንና ጎኑን በተጨማሪ ብረት ያጠናክር የነበረው ለዚህ ነው። ያለዚያ ማጠናከሪያ የተቆረጠ ቮልስ መሀሉ ይጎብጣል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ በግጭት ጊዜ የሚሆነውን ማሰብም አያሻም።

ለኪስ የሚቀለው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሸራ የለበሰ መኪና ነው። በአገራችን ሁለቱ የታወቁ ናቸው፦ አሮጌው ላንድሮቨርና በደርግ ዘመን የበዛው የሶቪየቱ ዋዝ። ሁለቱም ራሱን የቻለ ሻንሲ ላይ ስለተቀመጡ ሸራቸው ቢነሳ ጥንካሬያቸው አይጎድልም። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት የብረት እጥረት ስለነበረባት አብዛኛው የውጪ አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። የዚያን ጊዜ ችግር ዛሬ ለገዢ በረከት ሆኗል፤ ፓራፋንጎው አይዝግም። የዋዝ አካል ግን ብረት ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ዋዝ ሲያገኙ ከቀለሙ ሥር ያለውን ይጠራጠሩ።

ማግኔት ይዘው ይሂዱ። ዋዝ ላይ ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ በስቱኮ የተሞላ ነው። ላንድሮቨር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፓራፋንጎው ማግኔት ከሳበ በላሜራ ተተክቷል ማለት ነው። ከዚያ ሥር ገብተው ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ይስሙ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ከውስጥ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። የላንድሮቨር ሻንሲ ውስጡ ባዶ ሳጥን በመሆኑ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ከላይ በጥቁር ቀለም የተሸፈነው ሁሉ ጤነኛ አይደለም። የእግር ማሳረፊያውን ጥግና አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር የሚገናኝበትን መስመርም አይለፉ፤ ሁለቱ ማዕድናት በእርጥበት መሀል ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ዱቄት ይሆናል።

ሞተር ብዙ አያስፈራኝም፤ ይከፈታል፣ ይታደሳል። የሚያስፈራኝ ወረቀት ነው። ለፍለጋ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከወጡ፣ እነዚህ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር የገቡ የኦሮሚያ ከተሞች ሲሆኑ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያገኙት መኪና ግን የአዲስ አበባ ሰሌዳ ሊኖረው ይችላል። ፋይሉ የት እንዳለ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ እገዳ እንዳለበትም ያስጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም፤ ከእርዳታ ድርጅት እጅ የወጣ ላንድሮቨር ሲገጥም ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን። «በውክልና ንዳው፣ ስሙን ቆይተን እናዞራለን» የሚል ደላላም አይጠፋም። ወካዩ ቢሞት ውክልናው ይቀራል፣ እርስዎም ከወራሾች ጋር ሲካሰሱ ይከርማሉ።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሦስቱም ከፍታቸው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በስስ አየር ምክንያት ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው ቀዳዳው አነስ ያለ ጂግለር ነው፣ ሙሉ እድሳት አይደለም። ሌላም አለ፦ በሱሉልታ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ካልያዘ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላና ምስኪኑ ባለቤት ቴስታ ያስወርዳል። ሞተር ከማስፈታትዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ።

የቆዩት ላንድሮቨሮች የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት ለሚያውቅ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ቱቦዎቹን፣ በየጎማው ያሉትን የፍሬን ጎሚኒዎችና ዘይቱን አንድ ላይ ያስቀይሩ፤ ቀለምና ወንበር ይቆዩ። እኔ ብሆን ለመግዣ ያወጣሁትን ያህል ለጥገና ሳልይዝ አልጀምርም፤ ከዚያም ገንዘቡ የሚሄደው በቅደም ተከተል ወደ ሻንሲ፣ ፍሬን፣ መሪና ጎማ ነው። ዕቃ ፍለጋው መርካቶ ሶማሌ ተራ ያደርሳል። አሮጌውን ዕቃ ፈትተው ይዘው ይሂዱ፤ በቃል የተነገረ ልክ ብዙ ጊዜ ያመላልሳል።

ሸራው የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ለጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ይሠራዋል። የላስቲክ ቅብ ያለው የጭነት ሸራ ርካሽ ነው፣ ውሃም አያስገባም፤ ግን አይተነፍስም፤ በቡራዩ የክረምት ጠዋት ከውስጥ ላብ ያንጠባጥባል፣ በፍጥነት ሲነዱም ይጮኻል። የጥጥ ሸራ ይወደዳል፤ ዝናብ ሲነካው ክሩ አብጦ የስፌቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ነገር ግን ይሰበሰባልና በደረቁ ጥብቅ ብሎ የተሰፋ በመጀመሪያው ዝናብ ያጥራል። ሰፊው ልኩን የሚወስደው የቀስቱ ብረቶች ተገጥመው፣ በሮቹም ተዘግተው ይሁን። የኋላው ግልጽ ላስቲክ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም፤ በብርድ ጠዋት ከታጠፈበት ይሰነጠቃል። ሸራውንም በዱቄት ሳሙና አይጠቡት፤ ውሃ የሚከላከለውን ቅብ ያነሳዋል፣ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ቅቡን ያሳድሱ።