«ያው አገር ቤት የምትበላውን ነው የምትበላው፤ ታዲያ ለምን ወፈረች?»

ይህን የጠየቀኝ እናቱን ከስማዳ አምጥቶ አዲስ አበባ አብሯቸው የሚኖር ልጅ ነው። እናት 50 ዓመታቸው ነው። ሲመጡ 55 ኪሎ ነበሩ፤ በዓመቱ 66 ገቡ። ስኳራቸውም ከፍ ብሏል። «ዶክተር፣ ምግቧን አልቀየርንም እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። የተቀየረው ውሏቸው ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

👉 መጀመሪያ፦ ሰውነት ዝም ብሎ ተኝቶ እንኳ ለልብ፣ ለሳንባ፣ ለአንጎል የሚያወጣው ጉልበት አለ።
ሴት ከ18–30 ዓመት፦ ኪሎ × 14.8 + 487
ሴት ከ30–60፦ ኪሎ × 8.1 + 846
ወንድ ከ18–30፦ ኪሎ × 15.1 + 692
ወንድ ከ30–60፦ ኪሎ × 11.5 + 873
ለእኚህ እናት በ55 ኪሎ ወደ 1,290 ካሎሪ ይመጣል።

👉 ቀጥሎ፦ 24ቱን ሰዓት በሥራ መድቡ። እንቅልፍ 1፣ ቁጭ ብሎ መዋል 1.4፣ ምግብ ማብሰል 2.1፣ የእግር ጉዞ 3.2፣ አረምና የመሳሰለው የእርሻ ሥራ 4.1፣ ውሃና እንጨት መሸከም 4.4። ሰዓቱን በቁጥሩ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ24 አካፍሉ። ቁጥሮቹ ፋኦና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ከሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ሪፖርት የተወሰዱ ናቸው።

አገር ቤት 6 ሰዓት እርሻ ላይ፣ 1 ሰዓት ውሃና እንጨት፣ 1 ሰዓት መንገድ፣ ከዚያ የቤቱ ሥራ። ውጤቱ 2.25 ነው። 1,290 × 2.25 = ወደ 2,900 ካሎሪ።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፦ ቧንቧው ቤት ውስጥ፣ እንጀራው ከሱቅ፣ 10 ሰዓት ሶፋ ላይ። ውጤቱ 1.5። 1,290 × 1.5 = ወደ 1,935።

ልዩነቱ በቀን ከ900 ካሎሪ በላይ ነው! በየቀኑ ሳይቃጠል የሚቀር ማለት ነው።

⚠️ ስልካችሁ ላይ ያለው የእርምጃ ቆጣሪ ይረዳል፣ ግን አይበቃም። ከጋይንት ወይም ከእስቴ ገደል ውሃ ቀድታ፣ ጄሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴትና ሜዳ ላይ ባዶ እጇን የምትንሸራሸር ሴት እኩል 3,000 እርምጃ ሊቆጠርላቸው ይችላል። ስልኩ ሸክሙን አያውቅም።

ምን እናድርግ?
✅ እንጀራውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ጎመኑንና ምስሩን ጨምሩ። ማስራብ አያስፈልግም።
✅ ቡና ላይ ስኳር፣ በየቀኑ ለስላሳ መጠጥ ይቅር።
✅ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። «እማዬ አትልፊ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ማለት ፍቅር ቢመስልም ይጎዳቸዋል። ጓዳውን ይግቡበት፣ ገበያም ይውረዱ።
✅ ስኳርና ግፊታቸውን አስለኩ። ውሃ ጥም፣ ሽንት መመላለስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሌቱ ወደ አገር ቤትም ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ አረሙ የሚበረታበት፣ ጎተራው ደግሞ የሚጎድልበት ወቅት ነው። ሰውነት ብዙ የሚፈልገው ምግብ ባነሰበት ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ከስታችሁ የምታገኟትን እህት «ተፈጥሮዋ ቀጭን ነው» ብላችሁ አትለፏት። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆነችማ ጭራሽ። ብር ለመላክ ካሰባችሁ ከበዓሉ በፊት ክረምቱን አስቡ።

ስለዚህ ሰው ሲወፍር ወይም ሲከሳ «ምን ይበላል?» ብቻ አትበሉ፤ «እንዴት ይውላል?» ብላችሁም ጠይቁ።

የእናንተ ውሎ ስንት መጣ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እናቱን ከገጠር ላመጣ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።