አርባው፣ ሰማንያውና የጤና ጣቢያው ቀጠሮ፦ ጨቅላና ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዞ ስለመውጣት ተረትና እውነታ

ሁለተኛ ልጅ በተወለደበት ቤት ከአራሷ ጋር ታላቅየውም አብሮ ይታሰራል። እሷ «ንፋስ ይመታሻል» ትባላለች፤ እስከ ትናንት ደጅ ሲቦርቅ የነበረው የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በር ተዘግቶበት ያለቅሳል። ክልከላው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ብዙዎቻችንም በእሱ አድገናል። ሆኖም ልጅ ለመጠበቅ ተብለው ከሚነገሩት አንዳንዶቹ በእርግጥ ይጠብቁታል፣ አንዳንዶቹ ምንም አይረቡም፣ ጥቂቶቹ ይጎዱታል። ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ወዴት፣ በምን ሁኔታና ከእነማን ጋር እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል።

ተረት፦ «ወንድ አርባው፣ ሴት ሰማንያዋ ሳይሞላ ከቤት አይወጡም»

እውነታ፦ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በሙስሊም ቤተሰብም የአርባ ቀን የአራስነት ወግ አለ። ይህ ወግ ለእናት ትልቅ ስጦታ ነው፤ ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት፣ ከባድ ሥራ ሳይነካት ታገግማለች። ጤና ጣቢያ መሄድን ግን አይከለክልም።

ሕፃን እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ይሰጠዋል። ቀጣዮቹ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ናቸው፤ በቀን ሲቆጠር 42፣ 70 እና 98 ማለት ነው። ስለዚህ ሰማንያዋ እስኪሞላ ቤት የምትቆይ ሴት ልጅ ሁለት ቀጠሮ ያልፋታል። ያለፏት ክትባቶች ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና የሳንባ ምች ከሚያመጡ ዋና ዋና ጀርሞች አንዳንዶቹን የሚከላከሉ ናቸው። ትክትክ ደግሞ ክንዱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው።

እናትም ቀጠሮ አላት፦ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ እና በ6ኛው ሳምንት። በሰላም የወለደች እናት ቀስ እያለች መራመዷም ጥሩ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መቆየት እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል።

ተረት፦ «ብርድና ንፋስ የሳንባ ምች ያመጣል»

እውነታ፦ የሳንባ ምችን የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው። ጨቅላ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ እንደሚያጣ ግን እውነት ነው፤ ስለዚህ ማልበሱ፣ ጭንቅላቱንም መሸፈኑ ተገቢ ነው። ስህተቱ የተዘጋ ቤት ሁሉ ከደጅ ይሻላል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል የተያያዘበት፣ ዕጣን የሚጨስበትና ጠያቂ የሞላው ክፍል ለሕፃን ሳንባ ከግቢው አየር የከፋ ነው። ከሰል ሽታና መልክ የሌለው መርዛማ ጋዝም ያወጣል፤ አራስና ልጅ በተኙበት ዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ሊያድር አይገባም።

ጉንፋንን ወደ ቤት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ታላቅየው ነው። ስለዚህ ጨቅላውን ቤት ማስቀመጥ ብቻውን ከበሽታ አያድነውም። የሚያድነው ታላቅየው ከደጅ ሲገባ እጁን በሳሙና መታጠቡ፣ የታናሹን ፊት ትቶ እግሩን መሳሙ፣ የራሱም ክትባት መሟላቱ ነው፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገበያ፣ የተጨናነቀ ታክሲ፣ ለቅሶ ቤትና ሰርግ ቢቀሩ ይመረጣል። «ሰው ዓይን ይገባዋል» ብለው ሕፃኑን ከእንግዳ የሚያርቁ እናቶች ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም ከሚያስል ሰው ማራቃቸው ይጠቅመዋል።

ተረት፦ «በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይበቃዋል»

እውነታ፦ ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲያመርት የሚያደርገውን የፀሐይ ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ወፍራም ልብስም እንዲሁ። ቫይታሚን ዲ ያነሰው ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ይህም ሪኬትስ ይባላል። ጉዳቱ እግርን በማጉበጥ አያበቃም። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ከአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ባወጡት ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። ካልያዛቸው 500 ልጆች መካከል የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የሳንባ ምችን ፈርተን ከፀሐይ የምንደብቀው ልጅ በዚያው ደካማ ሊሆን እንደሚችል ይህ ጥናት በደንብ ያሳያል።

ስለዚህ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ እጅና እግሩን ገልጦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ደጅ ማሞቅ ነው። ቅቤም ቫዝሊንም አያስፈልግም። ታላቅየውም አብሮ ይውጣ፤ አጥንቱ ገና እያደገ ነው። ፀሐይዋ በክረምት በማትበረታባቸው እንደ ስዊድንና ሚኒሶታ ባሉ ቦታዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ሐኪም የሚያዝዘውን የቫይታሚን ዲ ጠብታ ለሕፃናቱ መስጠት አለባቸው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ በቂ ቫይታሚን ለማምረት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ ፀሐይ ማሞቅ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ለሆነ ጨቅላ መድኃኒት አይሆንም፤ እሱ ቶሎ መታየት አለበት።

ተረት፦ «ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ጀርባ ላይ ማዘል ከሁሉ ይሻላል»

እውነታ፦ ማዘል ድንቅ ልማዳችን ነው። እግሩ ይንጋደዳል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ እግሮቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለው የታዘለ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ በደንብ ያድጋል። ዳሌን የሚጎዳው እግርን ቀጥ አድርጎ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል ነው።

ጀርባ ግን አንገቱን ላልቻለ ጨቅላ አይሆንም። አንገቱ እስኪጸና፣ ማለትም እስከ ሦስትና አራት ወሩ ድረስ፣ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይታሰር። ፊቱ ይታይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይውደቅ፣ አፍንጫው በጋቢ አይሸፈን። ከላይ ጋቢ የተደረበበት ሕፃን የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፣ ከመጠን በላይም ይሞቃል። እናት ወደ ታች ስታይ ፊቱን ማየት፣ ጎንበስ ስትል ግንባሩን መሳም ከቻለች አስተሳሰሩ ትክክል ነው። እጆቿም ለታላቅየው ነጻ ይሆናሉ።

ተረት፦ «እቅፌ ውስጥ ካለ መኪና ላይ ምንም አይሆንም»

እውነታ፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ የ4 ኪሎ ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ ወደ 80 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። አንድ ቀበቶ ለእናትና ለልጅ በጋራ ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ ሕፃኑ በእሷ ክብደትና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚያስቀምጥ የሕፃን ወንበር፣ በኋላ መቀመጫ ላይ መጓዝ የሕፃናትን የአደጋ ሞት በ71 በመቶ ይቀንሳል።

ወንበሩን መግዛት የማይችል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሚኒባስ ታክሲ ላይ ደግሞ የሚታሰርበት ቀበቶ የለም። የሚቻለውን ማድረግ ግን አይቅር፦ ጋቢና አለመቀመጥ፣ መካከለኛ ረድፍ መያዝ፣ ጨቅላውን ደረት ላይ አስሮ መሳፈር፣ የሚከንፍ ሹፌር መኪና ውስጥ አለመግባት። ሲሳፈሩ ታላቅየው ይቅደም፤ ሲወርዱ እናት ትቅደምና ተቀብላ ታውርደው። ረዳቱን «ልጅ አለ፣ ቆይ» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

ተረት፦ «ለመንገድ ትንሽ ውኃ ይቅመስ፤ ፀሐይ የመታው ጡት ያስቀምጠዋል»

እውነታ፦ የእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። እስከ ስድስት ወሩ ሕፃን በሙቀትም ቢሆን ሌላ ውኃ አይፈልግም፤ በጡጦ የተያዘ ውኃ ተቅማጥ ሊያመጣበት ይችላል። ፀሐይ ላይ መዋል ወተቱን አያበላሸውም፤ ታልቦ የሚደፋበት ምክንያት የለም። የምትጠማው እናት ናትና ውኃው ለእሷ ይያዝላት። ታላቅየው ገና ጡት ካልተወ እሱም መጥባት ይችላል፤ ጨቅላው ግን ይቀድማል።

ተረት፦ «ሁለቱን ይዞ ከመውጣት ታላቅየው ቤት ይቅር»

እውነታ፦ ታናሽ የተወለደበት ልጅ ቦታውን ያጣ ይመስለዋል፤ መቅናቱ፣ መነጫነጩ፣ ሽንቱን መልቀቁ የተለመደ ነው። ወትሮ የሚወጣበት ሰዓት ሳይስተጓጎል ቢቀጥል ያረጋጋዋል። ጥንቃቄው መንገድ ላይ ነው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ሹፌር አያየውም፤ ሲያቋርጥም መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት አይችልም። በግንብ በኩል ይሂድ፤ ጣቱን ሳይሆን የእጁን አንጓ ይያዙት፤ ጣት በቀላሉ ያመልጣል። አጭር ጉዞ፣ አንድ ቦታ፣ ጨቅላው ጠብቶ እንዳበቃ መነሣት ሦስቱንም ይበጃል።

ሁሉም ቀርቶ ወደ ሐኪም

ጨቅላው አልጠባም ካለ፣ ብብቱ ላይ ሲለካ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ፣ እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ አርባውንም ንጋትንም ሳይጠብቁ መውጣት ነው።

አራስ ለመጠየቅ የምትሄዱ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ከገንፎው ዱቄት ጋር ሌላም ነገር ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ታላቅየውን ለአንድ ሰዓት ደጅ አጫውቱት። ከሁሉም በላይ በ42ኛው ቀን ጠዋት ተገኝታችሁ አንዱን ልጅ ያዙላትና እናቲቱን ጤና ጣቢያ አድርሷት። ቀጠሮ የሚያልፈው በወግ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሁለት ልጅ ለብቻዋ ይዛ መውጣት ላቃታት እናት አጋዥ ስለሚጠፋም ነው።