ውክልና የማይሠራበት ጉዳይ

ቢቸና ላይ ጥብቅና ለሚሠራ ሰው ከውጭ አገር የሚመጣ ወረቀት ብርቅ አይደለም። ከሪያድ፣ ከቤይሩት፣ አንዳንዴም ከዋሽንግተን የቆንስላ ክብ ማኅተም ያረፈበትን፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋገጠውን ውክልና እናት ወይም ወንድም በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል። ባለጉዳዩ ማኅተሙን ያሳየኛል፤ እኔ የማየው ዝርዝሩን ነው። «በስሜ ያለውን ንብረት እንዲያስተዳድሩልኝ» ብሎ የሚያበቃ ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2203 ጠቅላላ ውክልናን በማስተዳደር ሥራ ብቻ ይወስነዋል፤ ለመሸጥ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከር በ2205 መሠረት ለይቶ የተጻፈ ሥልጣን ያስፈልጋል። ለዚች አንድ መስመር ስንቷ ልጅ ከአሠሪዋ ዳግም ፈቃድ ለምና ቆንስላ ደጅ ተሰልፋለች!

ተስተካክሎ ከተጻፈ ግን ቤት ያሸጣል፣ ያከራያል፣ ያስከስሳል። የማይደርስባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ኑዛዜ አንዱ ነው፤ ቁጥር 857 ሰው ስለ ሌላ ሰው ሆኖ እንዳይናዘዝ ይከለክላል። ሌላው የምርጫ ድምፅ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የመራጮች ምዝገባ ሰሞን አንዲት እናት የልጃቸውን የቤት ጉዳይ ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ይኸ ወረቀት ለካርዱስ አይሆንም? የእሷንም አውጥቼ ልምረጥላት እንጂ» አሉኝ።

«አይሆንም እማማ፤ ካርድ በአካል ነው።»

«ቤቷን ሽጪ ብሎ ያመነኝ መንግሥት ለዚህ ተጠራጠረኝ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ክልከላው ልክ ነው። ድምፅ በውክልና ቢፈቀድ አባት ለልጆቹ፣ ባል ለሚስቱ፣ ደላላው ላሻገራቸው ሁሉ ይመርጥ ነበር። ግን ልጅቱ ራሷ ባለችበት ሆና የማትመርጠው ለምንድን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የመምረጥ መብትን ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ሁሉ ሲሰጥ ዕድሜን እንጂ አገር ውስጥ መገኘትን አልጠየቀም። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ግን መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይፈልጋል። ሪያድ ያለችው የቢቸና ልጅ በሁለቱ መካከል ቀርታለች።

ስለ ውጭ ነዋሪዎች ድምፅ ሲወራ የሁሉም ዓይን ወደ አሜሪካ ነው፤ ክርክሩም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ትቷል። ቢጫ ካርድ የሚያሰጠው የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ቤት እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ መምረጥና መመረጥን ግን በግልጽ ይከለክለዋል። እሱ በምርጫ ሰሞን ገንዘቡንና ሬዲዮውን ይዞ ይሰማል፤ የ1997ን ምርጫ ያየ ይህን አይረሳም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያላት ደግሞ የአረብ አገር የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ያውም ፓስፖርቱ ብዙውን ጊዜ አሠሪዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። በመተማ በኩል ሱዳን ወርደው የቀሩትም እንደሷው ዜጎች ናቸው።

አሠራሩን ከጎረቤት መቅዳትም አይቻልም። ኬንያ በውጭ ያሉ ዜጎቿን የምታስመርጠው ፕሬዚዳንት ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ወረቀት ለሁሉም ይበቃል። እኛ ዘንድ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ፓርላማው ስለሆነ መራጩ የሚያገኘው የየአካባቢውን የዕጩዎች ወረቀት ነው፤ አንድ ኤምባሲ 547 ዓይነት ወረቀት ሊያዘጋጅ ነው ማለት ነው፣ የክልል ምክር ቤቱን ሳይጨምር። ሴኔጋል ከምክር ቤቷ 165 ወንበሮች 15ቱን በውጭ ላሉት ለይታለች። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ጣሪያውን 550 ላይ አቁሞታል፤ 547ቱ ተይዘዋል፤ የተረፉት 3 ናቸው። ሦስት ወንበር ከሪያድ እስከ ቶሮንቶ እንዴት ይከፋፈላል?

ከራስ ምርጫ ክልል ርቆ መምረጥ ግን ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ተፈናቃይ በተጠለለበት ቦታ ሆኖ ለለቀቀው የምርጫ ክልል ድምፅ የሚሰጥበት ልዩ ጣቢያ አለው። በሚያዝያ 1985 ኤርትራውያን፣ በጥር 2003 ደግሞ ደቡብ ሱዳናውያን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው በአገራቸው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥተዋል። ለሌሎች ጣቢያ የተከፈተበት አገር ነው።

የሚያስቸግረው እምነት ነው። ኤምባሲ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያ የተቆጠረን ድምፅ ተቃዋሚው በምን አምኖ ይቀበላል? በኤርትራው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ነበሩ። እኛም ሪያድና ቤይሩት ላይ የምርጫ ቦርድ ባለሙያና የፓርቲ ወኪል ጎን ለጎን ካላስቀመጥን ኮሮጆውን ባንልከው ይሻላል።

እኔን ቢጠይቁኝ ከዓረብ አገሮቹ ይጀመር፤ ዋሽንግተን ትቆይ። ምዝገባውም ከፓስፖርት እድሳት ጋር ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የማያሳርፍ አሠሪ ለእድሳት ሲሆን አንድ ቀን መልቀቁ አይቀርም፤ ያኔ እዚያው መስኮት ላይ ከአገር ስትወጣ የነበረችበት ወረዳ ተጠይቆ ይመዝገብላት። ድምፅ ለመስጠት ሌላ ፈቃድ የምታገኝበት መንገድ ግን እስካሁን አልታየኝም።