የተፈታ የኋላ መቀመጫ መደገፊያን መልሶ ስለመግጠም

በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ በሚሠሩ ሚኒባሶች ዝንጅብል፣ ጎዳሬ ወይም ሙዝ ለመጫን ሲባል የመጨረሻው ወንበር መደገፊያ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ለሕዝብ ማመላለሻ በተመዘገበ ተሽከርካሪ ላይ ልማዱ የሚበረታታ አይደለም። ይሁንና ለጥገናም ሆነ ለሌላ ምክንያት የተፈታ መደገፊያ ተሳፋሪ ከመቀመጡ በፊት በትክክል መመለስ ይኖርበታል።

መደገፊያው ለምቾት ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ከኋላው ያለ ዕቃ ተሳፋሪውን እንዳይመታም ይከላከላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ በ400 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ጫና ወደ ፊት ይገፋል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲወረድ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ የደህንነት ቀበቶዎቹ ከመደገፊያው ሥር እንዳይቀበሩ አስቀድሞ ወደ ላይ ይወጣሉ። የማጠፊያዎቹ ቀዳዳዎች ከአፈርና ከዝገት ይጸዳሉ። ከዚያም በግራና በቀኝ ያሉት ብሎኖች ሁሉ በእጅ እስከሚገቡ ድረስ ይዞራሉ፤ አንዱን ወገን ቀድሞ ማጥበቅ ሌላውን ስለሚያጣምም ቁልፍ የሚያዘው ሁሉም ከገቡ በኋላ ነው። የማጥበቂያው ልክ በአምራቹ መመሪያ የተገለጸው ነው። በመጨረሻም መደገፊያው ቀና ተደርጎ መቆለፊያው በሁለቱም ወገን መያዙ ይረጋገጣል፤ በሁለት እጅ ወደ ፊት በኃይል ሲሳብ መንቀሳቀስ የለበትም።

ብሎን ከጠፋ በውፍረት፣ በርዝመት፣ በጥርስና በራሱ ላይ በተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር ከቀድሞው ጋር አንድ የሆነ ይፈለግ። ከሱቅ የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ማጠፊያው ከተሰበረ ደግሞ በሽቦ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ብየዳም ቢሆን ከውጭ ጠንካራ መስሎ በዙሪያው ያለውን ብረት ሊያዳክም ስለሚችል ክፍሉን መቀየር ይመረጣል።

ተሽከርካሪዎች በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ስለሆነም ባለንብረቶች ወደ ምርመራ ከመቅረባቸው በፊት የወንበሮቹ ብዛት በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ጋር መስማማቱን ሊያዩ ይገባል። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ለማንሣት የሚፈልግ ባለንብረት አስቀድሞ የተሽከርካሪው ፋይል የሚገኝበትን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ተሳፋሪም ከመቀመጡ በፊት መደገፊያውን በእጁ ሳብ አድርጎ ቢያይ መልካም ነው፤ ከተነቃነቀ ለረዳቱ ነግሮ ሌላ ቦታ ይጠይቅ።