ለአንድ ክፍል ኮርኒስ ስንት ጂፕሰም ቦርድና ስንት ብሎን ይበቃል?

በቢቸናና በሞጣ ከተሞች ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ፥ ጣራቸው ከቆርቆሮ የተሠራ ቤቶች ብዙ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከቆርቆሮው ሥር ወጥሮ ኮርኒስ ማበጀት የቆየ ልማድ ነው። አሁን በዚሁ ፈንታ ጂፕሰም ቦርድ የሚሹ ባለ ቤቶች ስላሉ ዕቃውን የሚያቀርበው ነጋዴ ሒሳቡን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ቦርዱ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል የረጋ ጄሶ ነው። ጥሬው ድንጋይ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚያሻግረው መንገድ ዳር፥ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ፥ በብዛት ይገኛል። ከአዲስ አበባ የሚጫነው ቦርድ ግን ያንኑ ገደል ወርዶና ወጥቶ፥ ከደጀን ወደ ቢቸና ታጥፎ ወደ ሞጣ ይዘልቃል። እንግዲህ አንድ ቦርድ ቢጐድል ሌላ ጭነት እስኪመጣ አናጢው ሥራ ይፈታል፤ አምስት ቢተርፍ ደግሞ የባለ ቤቱ ገንዘብ በጓዳ እርጥበት ይበላሻል።

አስቀድሞ ልኬቱ ይጣራ። የጭቃ ቤት ማዕዘን ቀጥ ብሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ስለሆነ ክፍሉ በሁለቱም ጫፍ ተለክቶ የሚበልጠው ይያዝ።

ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 3.60 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ስፋቱ 14.40 ካሬ ሜትር ነው። 1.20 በ2.40 ሜትር የሆነ ቦርድ 2.88 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን፥ ሲካፈል ልክ 5 ቦርድ ይሆናል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አናጢው ግን የሚሠራው በካሬ ሜትር ሳይሆን በረድፍ ነው። ቦርዶቹ በ4 ሜትሩ አቅጣጫ በሦስት ረድፍ ሲደረደሩ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙሉ ቦርድና አንድ የ1.60 ሜትር ቁራጭ ይፈልጋል። በ5 ቦርድ ለመጨረስ ሦስተኛው ቁራጭ ከሁለት የ80 ሳንቲ ሜትር ትርፍራፊዎች መቀጠል አለበት፤ ከዚያም በኋላ የሚተርፍ ምንም የለም። አንድ ቦርድ ጥጉ ተሰብሮ ቢደርስ ሥራው ይቆማል። 6 ከተገዛ ግን የተሰበረው ጥግ ተቆርጦ ይጣልና ቀሪው ለ1.60 ሜትሩ ይውላል፤ ከሌሎቹ የሚተርፈውም ለመጠገኛ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ለዚህ ክፍል 6 ቦርድ መሸጥ አጉል ትርፍ መፈለግ አይደለም።

ሞራሌው በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይመታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 4 ሜትር ለ40 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል 10 ይሆናል፥ ያ ግን የክፍተቱ ቁጥር ነው። ሞራሌዎቹ 11 ናቸው፤ 10 ብቻ የገዛ ሰው የመጨረሻው ቦርድ ጠርዝ ማረፊያ ያጣበታል።

በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ብሎን ሲገባ ለአንድ ሞራሌ 19 ይደርሳል። ረድፎቹ በሚገናኙባቸው ሁለት ቦታዎች እያንዳንዱ ጠርዝ የየራሱን ብሎን ስለሚሻ 21 ይሆናል፤ ለ11 ሞራሌ 231 ማለት ነው። በየረድፉ ሙሉው ቦርድና ቁራጩ ለሚገጥሙበት መጋጠሚያ 7 ተጨማሪ ሲታሰብ ድምሩ 252 ነው። የሚወድቀውና ራሱ የሚበላው ታክሎ 280 ይበቃል። ለ12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ የብሎኑ ርዝመት 35 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ርካሽ ነው ተብሎ ሚስማር የሚመረጥበት ጊዜ አለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የሚስማሩ ራስ ወደ ውጭ ይገፋል፥ የተቀባውም ስቱኮ ይረግፋል። ብሎን ይሻላል፤ የደረቀ እንጨት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ውፍረት ያለው አንድ ቦርድ 25 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በዚህ ክፍል ራስ ላይ የሚንጠለጠለው ከ120 ኪሎ በላይ ነው፤ ለአቡጀዴ የተሠራ ቀጭን ማገር አይሸከመውም።

ክረምት ከመግባቱ በፊት የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ ውሃ የጠጣ ቦርድ ይረግባል፥ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። በመጋዘንም ቢሆን ቦርዱ ከመሬት ከፍ ባሉ እንጨቶች ላይ በጀርባው ተኝቶ ይቀመጥ እንጂ ግድግዳ ተደግፎ አይቁም።